በወይራ የታጠነው ሸክላ

በዚያ ነሐሴ ጎንደር ላይ ፀሐይ ጠፍታ ሰነበተች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ ከመሬት አልነሳ ብሎ ፒያሳ ላይ ከባጃጆቹ መብራት በቀር የሚታይ አልነበረም። ዓይናዲስ የአያ ክንዱን ቡና ቤት ወልውላ ስትጨርስ የሸክላውን ቁም ሳጥን ከፈተች፤ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዋን መታት። የዘፈን ሸክላዎቹ በክረምቱ እርጥበት ነጭ ጥጥ አብቅለዋል።

ባሏ ሞቶ፣ መሬቱን ወንድሞቹ ወስደውባት፣ ባዶ እጇን ከሳንጃ ከመጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። የሻገተ ዕቃ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አያስተምራትም። የወተት ቅል ሲሻግት ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። እሷም ወይራ አጭሳ ሸክላዎቹን ከልባሳቸው እያወጣች አጠነቻቸው። ሸጋ ሥራ የሠራች መስሏት ነበር።

አያ ክንዱ ሲመጡ አንዱን አንስተው በጣታቸው ነካ አደረጉት። ጣታቸው ጠቆረ።

«ምነው ዓይናዲስ? እርጎ ልትንጭበት ነው?»

«ሻግቶ ነበር አያ። ወይራ ያጠራዋል ብዬ...»

ወደ ሸክላ ማጫወቻው ሄዱ። በእጃቸው የያዙት የታላቅ ወንድማቸው የወልደኢየሱስ ሸክላ ነበር። ወልደኢየሱስ በሕይወቱ ያስቀረፀው ያንኑ አንዱን ነው፤ ከሞተ ወዲህ ድምፁ የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው። መርፌውን ሲያሳርፉበት እሳት ላይ የተበተነ ጨው የመሰለ ጩኸት ወጣ፤ ወዲያው መርፌው ጥቀርሻ ጠቅልሎ ቆመ።

«ያጠነው እጅ ያጥበው» አሉ አያ ክንዱ። «ካልሆነልሽ ግን ሌላ ቤት ፈልጊ።»

«በምን ልጠበው? በአረቄ?»

«አረቄውስ ለእኔ ይሻለኛል» አሉ ሳይስቁ። «የፋርማሲ አልኮል በንጹሕ ውሃ አቅጥነሽ። መስመሩን እየተከተልሽ ዙሪያውን ጥረጊ፤ እንዳታቋርጪው።»

ዓይናዲስ ግቢው መሃል ሳፋ ደቅና ዝናብ አጠራቀመች፤ የፋርማሲውን አልኮል በእሱ አቀጠነች። በእጥበት ብዛት የሳሳ ነጠላዋን ቀደደች። መጀመሪያ ጫፉ የተሰበረ፣ ማንም የማይፈልገው ሸክላ ላይ ሞከረች፤ እንዳልጎዳው ስታይ የወልደኢየሱስን አነሳች። መሃል ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳይነካው በመዳፏ ከልላ፣ ጨርቁን ቀስ እያለች አዞረችው። ጨርቁ ሻይ መስሎ ወጣ። ቀየረችው። እንደገና ሻይ መሰለ።

የወጥ ቤቷ ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። «ሙሽራ አደረግሽው እኮ። ምናለ ኩልም ብትኩይው?»

«ኩሉንማ ኩዬው ነው መከራዬን የማየው። እሱን ላስለቅቅ እንጂ።»

አያ ክንዱ ፀሐይ ታጎብጠዋለች ስላሏት የሳህን መደርደሪያው ላይ ጥላ ውስጥ አቁማ አደረቀችው። መርፌውን ደግሞ ለስላሳ ብሩሽ አልኮል አስነክታ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጠረገችው፤ ወደ ኋላ የገፉት እንደሆነ ይሰበራል። እንዲህ ስታጥብ፣ ስታደርቅ፣ በብርሃን አዘንብላ ስታይ ሳምንቱ አለቀ። ጥቁሩ ላይ የራሷ ፊት ሲታያት ይበቃል አለች።

አያ ክንዱ ሸክላውን አስቀምጠው መርፌውን አሳረፉ። ትንሽ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ መሲንቆው መጣ፤ ተከትሎ የወልደኢየሱስ ድምፅ፣ ወፈር ብሎ፣ ሙሉ ሆኖ። አያ ክንዱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስኪያልቅ ድረስ አልተመለሱም።

«መጀመሪያው ላይ ይንኮሻኮሻል» አሉ።

«እሱ አልለቅ ብሎኛል አያ።»

«ተይው። እሱም ሊዘፍን ሲል ጉሮሮውን መጥረግ ይወድ ነበር።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በይ ደግመሽ አጫውቺው።»

በዚያ ቤት ከአያ ክንዱ በቀር መርፌውን አንስቶ ያሳረፈ ሰው አልነበረም። ሽታዬም ይህን ስለምታውቅ ማማሰያዋን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ዓይናዲስ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ መርፌውን አንስታ ጠርዙ ላይ አሳረፈችው። ድካም ብዙ ነገር ይወስዳል፤ ያን ቀን ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የቆመችው።

አሁን ዓይናዲስ ቁስቋም ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ወርዳ በአያ ክንዱ ቤት ሸክላ ታጥባለች፣ መርፌ ትጠርጋለች፣ ታጫውታለች፤ ከአዘዞ ድረስም ሸክላቸውን ይዘው የሚመጡላት ሰዎች አሉ።