ያልተነሳው እገዳ

አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል፤ ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በሥራ ቀን የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከአምልኮ በፊት በአጥቢያችን የአዋቂዎችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ባለፈው ክረምት የምናጠናው ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችና በየአገሩ ስለ ላኳቸው ወንጌላውያን ነበር። እነዚያን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ እጅ ጭነው ይልካሉ፤ ደግሞ እንደ እኛው ይኳረፋሉ።

አንድ እሁድ ከሐዋርያው ጋር ለወንጌል ወጥቶ ከመንገድ የተመለሰው ወጣት ታሪክ ላይ ደረስን። ሐዋርያው በሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም አለ፤ የጉዞ ጓደኛው እንውሰደው አለ፤ በእሱ ምክንያት ተጣልተው ተለያዩ። አንዲት ሴት «ወጣቱ ግን አያሳዝንም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ምን ያሳዝነኛል! «ከመንገድ የሚመለስ ወንጌላዊ ከጅምሩ ባይላክ ይሻላል» ብዬ አረፍኩ።

አባቴ እንደ ልማዱ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ያን ክረምት ልቡ ደክሞ ሐኪም ቤት አመላልሼዋለሁ። ከአምልኮ በኋላ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ስንሄድ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ቆመ። እኔና እሱ የምናወራው በሀዲይኛ ነው።

«ያ ልጅ ኢየሩሳሌም ሲመለስ የጌታን እራት ሰጡት?» አለኝ።

«እንጃ አባዬ፣ አልተጻፈም።»

«እኔን አልሰጡኝም» አለ።

በየወሩ የጌታ እራት ሲቀርብ አባቴ የእንጀራውን ትሪ ተቀብሎ፣ ሳይወስድ፣ አጠገቡ ላለው ሲያሳልፍ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴ በሕይወት ሳለች ስጠይቃት «ተይው፣ የእሱ ጉዳይ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ተውኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የነገረኝ ይህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም አጥቢያችን እጅ ጭኖ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ወዳለው ቆላ ወንጌላዊ አድርጎ ላከው። ሦስት ወር ቆይቶ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ሰብስበውት «እስክንጠራህ ድረስ ከጌታ ማዕድ ታግደሃል» አሉት። በእኛ ዘንድ እገዳ የሚነሳው ያገዱት ሽማግሌዎች ሰውየውን በምእመናን ፊት አቁመው «ተነስቷል» ሲሉ ነው። አባቴን ግን የጠራው የለም። ሽማግሌዎቹ ተለወጡ፣ አረጁ፣ ሞቱ። እሱ መጠበቁን ቀጠለ።

«ለምን አልጠየቅካቸውም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«የታገደ ሰው እገዳዬን አንሱልኝ ብሎ ይመጣል እንዴ? እነሱ ናቸው የሚጠሩት» አለ። ቀጥሎም «ሞት አያስፈራኝም ልጄ። እንጀራውን ሳልቆርስ መሄዱ ነው የሚያስፈራኝ» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ በረርኩ። የአሁኖቹ ሽማግሌዎች ደጎች ናቸው። ደንግጠው የድሮውን ቃለ ጉባኤ ከሣጥን አውጥተው ገጽ በገጽ አገላበጡት። ስለ አባቴ እገዳ አንድም መስመር የለም። ሰብሳቢው እፎይ ብሎ «ያልተጻፈ እገዳ የለም፤ በሚመጣው ወር ይውሰዱ በቃ» አለኝ። ደስ እያለኝ ለአባቴ ልነግረው ሮጥኩ።

«በወረቀት መቼ አገዱኝ? በአፋቸው ነው» አለ። «ከእነሱ በሕይወት ያለ ካለ፣ እሱ በአፉ ያንሳው።»

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ!» አልኩት። «በአፉ» ብሎ ደገመልኝ። አንዴ ካለ ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ከእነዚያ ሽማግሌዎች የተረፉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሺንሺቾ ከተማ ያገባች ልጃቸው ቤት ይኖራሉ አሉን። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። ሰውየው በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አባቴን ሲያዩ አወቁት፤ ሰላምታውን ከመለሱ በኋላ ግን ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም። እኔ ወንበር እስኪመጣልኝ እንኳ አልታገስኩም፣ ቆሜ የመጣንበትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ «ለመሆኑ ለምን እንደተመለሰ ነግሮሻል?» አሉኝ።

«አልነገረኝም።»

«የተላክነው ሁለት ሆነን ነው። እንደ ሐዋርያት ሁለት ሁለት አድርገን ነበር የምንልከው፤ የእሱ ጓደኛ እኔ ነበርኩ። ልንነሳ ስንል ሚስቴ አልቅሳ ያዘችኝ፣ ቀረሁ። እሱ ብቻውን ሄደ። የአገሬውን ቋንቋ አያውቅ፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው የለው፣ ሦስት ወር ቻለ። እኔ እዚህ ቀርቼ ሽማግሌ ተባልኩ። ተመልሶ ሲመጣ ይታገድ ሲባል እጄን አወጣሁ።»

«እርስዎ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እራቱን ሲወስዱ ኖሩ?» አልኳቸው። አባቴ ክንዴን ጨመቀኝ። ሽማግሌው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉና «የጌታ እራት እሁድ ካደረሳችሁኝ በሰው ፊት እናገራለሁ» አሉ።

በመልሱ መንገድ ንዴቴ ወደ አባቴ ዞረ። ለምን ደበቀላቸው? «ሚስቱ እኮ እርጉዝ ነበረች» አለኝ። «እኔም ብሆን እቀር ነበር።» ከዚያ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኛ። እኔ ግን ያን ወጣት ሳስብ ሆሳዕና ደረስኩ። ሐዋርያው ካረጀ በኋላ፣ ታስሮ ሳለ፣ ያን የተመለሰውን ልጅ ይዘህልኝ ና ብሎ መላኩን ስንቴ አስተምሬያለሁ። በመሃል ስላሉት ዓመታት ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ልጁ በእነዚያ ዓመታት ከኋላ አግዳሚ ተቀምጦ መጠራቱን ይጠብቅ ነበር ይሆን? በሚቀጥለው ጥናት ሰው ሁሉ እየሰማ «ያን እሁድ የተናገርኩት ስህተት ነው» አልኩ። እንዲህ ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም።

የጌታ እራት ቀን ሽማግሌውን ከልጃቸው ጋር አመጣናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፊት ቆሙ። «አብሬው ልሄድ ቃል ገብቼ የቀረሁት እኔ ነኝ። እሱን ያገድኩትም እኔ ነኝ። እገዳው ተነስቷል» አሉ። ፊት ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ ሄደው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ።

ትሪው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ደረሰ። ተቀበሉት፣ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ምንም ሳይወስዱ ለአባቴ አሳለፉት።

አባቴ ትሪውን ያዘ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው እንጀራ እጁ ላይ ነው፤ አይወስድም። አዳዩ ይጠብቃል፣ እኛ ሁላችን እንጠብቃለን። ትሪውን ወደ ሽማግሌው መለሰው። ጆሮው ትንሽ ስለከበደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር አይችልም፤ እስከ መድረኩ ድረስ ተሰማ።

«አንተ ቅደም» አላቸው። «አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጄልሃለሁ። ሁለተኛ ብቻዬን አልሄድም።»