ፎጣ እንዳትረሳ

ያደግሁት ካርቱም ነው። እናቴ አማርኛውን ከቁጣዋ ጋር አስተማረችኝ እንጂ ፊደል አላስቆጠረችኝም፤ እሷስ መች ቆጥራ! አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመቴን ደፈንኩ። ዓረብኛ አነባለሁ፤ በአማርኛ ግን የገዛ ስሜ ተጽፎ ባየው አላውቀውም ነበር። ደግሞ ኩራቴ! አልችልም ከምል ሞቴን እመርጣለሁ።

እሱ ከአገር ቤት የመጣ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ዓባይ ዳር ጡብ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሱሪ ሊያስጠብብ ሱቄ መጣ። ስሙን በዓረብኛ ስጽፍ አይቶ «በእኛ ፊደል ጻፊው እንጂ» አለኝ። «መነጽሬን ረስቼ ነው» አልኩት። መነጽር የሚባል አድርጌ አላውቅም። ገባው፤ ግን አልሳቀብኝም።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ አንድ ጡብ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጭቃው ሳይደርቅ በምስማር «ሀ»ን ቀርጾበት፣ ከሌሎቹ ጋር አስተኩሶታል። ለሴት ጡብ ሲሰጥ ያየ አለ? «ሰው ሽቶ ያመጣል» ብዬ አሾፍኩበት። «ሽቶ ይተናል» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አንድ ፊደል ይዞ ይመጣ ጀመር። እንዲሁ አይጽፋቸውም፤ «በ»ን ቁልፍ ያለው በር አድርጎ ቀርጿታል። እጁ ወርቅ ነበር፣ ወላሂ።

እወደው ነበር። አልነገርኩትም፤ በሱ ፈንታ እሰድበው ነበር። ገና ስንተዋወቅ «እኔ መንገደኛ ነኝ፣ አውሮፓ ነው የምሄደው» ብሎኛል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ሐሳቡን የተወ መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ተ» ላይ እንደደረስን ከዳር እስከ ዳር የተጻፈባት ጡብ አመጣ። «ይቺን ራስሽ አንብቢያት፤ ለማንም እንዳታሳዪ» አለኝ። የተማርኩት የፊደሎቹን የመጀመሪያ መልክ ብቻ ስለነበር ከውስጧ የለየሁት ሁለት ሦስት ፊደል ነው። ቀስ ብዬ እደርስባታለሁ ብዬ፣ ነፋስ የሚያንገላታውን የሱቄን በር አስደገፍኳት።

ሐሙስ ደወለ። የሙሽራ ልብስ እየሰፋሁ ነበር።

«ጡቧን አነበብሻት?»

ምላሴ ይቆረጥ! «አንብቤያታለሁ» አልኩት።

«እንግዲህ ነገ ወደ ባህር ልሄድ ነው» አለኝ።

ካርቱም ያደገ ሰው ባህር የሚለው ዓባይን ነው። ዓርብ ዓርብ ከተማው ሁሉ ባህር ይወርዳል፤ ይታጠባል፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። እኔም ሌላ አልታየኝም። «ያላ ሂድ! ፎጣ እንዳትረሳ!» አልኩት።

«ሌላ የምትዪኝ ነገር የለም?»

«አዞ እንዳይበላህ!»

ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም፤ ግን ሙሽራዋ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፣ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሳይመጣ ቀረ። ቅዳሜም ስልኩ አይሠራም። እሑድ ጀሪፍ ድረስ ሄጄ አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ጠየቅሁ። «ወደ ሊቢያ ሄደ፣ ከዚያ በጀልባ ሊሻገር ነው» አሉኝ። ለካ ለነሱ ባህር ማለት ያ ኖሯል። ደግሞ አንዱ «ነግሬያት ሳቀችብኝ፣ ሂድ አለችኝ ብሎን ነበር እኮ» አለኝ። መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለት ወር ቆይቶ አብሮት የተሳፈረ ልጅ ደወለልኝ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ እሱ አልወጣም። እናቴ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስትል እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ጡቧን ለሌላ ሰው አሳይቼ ማስነበብ እችል ነበር። ራስሽ ብሎኛላ! እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት መሀል ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «እትዬ፣ ተሳሳቱ!» እያለች ታርመኛለች። ታርመኝ! ኩራቴን ባህር በልቶታል።

ፊደሉን የጨረስኩ ዕለት ጡቧን ከበሩ ሥር አነሳኋት። አቧራዋን በቀሚሴ ጠርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኳት።

«አትሂድ በዪኝ፣ እቀራለሁ።»

እኔ ደግሞ አንብቤያታለሁ ብዬዋለሁ።