አባቴ «ፋይን» ያሉኝ ቀን

የታጨደ ሰሊጥ ሽታ በክፍሌ መስኮት ሲገባ፣ ተማሪዎቼም ባንድ ድምፅ «አይ አም ፋይን» ሲሉ፣ አባቴ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ ሆኜ ይህንኑ ሰላምታ ከትምህርት ቤት እንደተማርኩ፣ ሽንፋ በሚባለው ቆላ ባለው እርሻችን ላይ አባቴን አስጠናኋቸው። ወባ ይዟቸው በጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«የታመመ ሰውስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«መጽሐፋችን ላይ የለም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ፈረንጆቹም እንደኛው ናቸው። እኛስ ብንታመም እግዜር ይመስገን አይደል የምንል?»

በማግስቱ በትራክተር ተሳቢ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው፣ ከኋላ እየሮጥኩ «ሃው አር ዩ፣ አባባ?» ብዬ ጮህኩ።

ከጋቢው እጃቸውን አውጥተው «አይ አም ፋይን» አሉኝ። አምኛቸው ተመለስኩ። እሳቸው ግን አልተመለሱም።

አሁን ተማሪዎቼ «ፋይን» ሲሉኝ፣ ፊት ፊታቸውን አያለሁ።