በጉና ሁለቱ መጻሕፍት

ባለቤቴ ለሕክምና አስተርጓሚነት ፈተና ስትዘጋጅ ሁለት መጻሕፍት ሰላም አሳጥተውን ነበር። አንዱ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከምትማርበት ክፍል የተሰጣት ነው፤ ሌላውን ጓደኛዋ ናት ያዋሰቻት። ሁለቱም የሕክምና ቃላትን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ያስተምራሉ። ሆድ ዕቃ ላይ ሲደርሱ ግን ተጣሉ። የክፍሉ መጽሐፍ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን አካል ጣፊያ ይለዋል፤ ከጨጓራ በስተግራ ያለውን ጠቆር ያለውን ደግሞ ቆሽት። የውሰቱ መጽሐፍ ተቃራኒውን ይላል።

እኔ የታተመ ነገር ሲሳሳት አልወድም። "ቆሽቴን አሳረሩት!" ብል፣ "በየትኛው መጽሐፍ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቃለች። የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ወገቧ አልቋል፤ ካለፈች ግን ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ሳትወጣ በስልክ እያስተረጎመች መሥራት ትችላለች። አስተማሪዋን ብትጠይቃቸው፣ "ለጊዜው የክፍሉን መጽሐፍ ተከተሉ" አሏት።

"ፈተናው ላይ ቢመጣ የቱን ልበል?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! የምጠግነው ማቀዝቀዣ ነው።

በፋሲካ ዋዜማ ከጎረቤቶቻችን ጋር በግ ልናርድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ እርሻ ሄድን። መጻሕፍቱን ይዛ መኪና ውስጥ ስትገባ፣ መንገድ ላይ ልታጠና መስሎኝ ነበር።

አርጄ፣ ገፍፌ፣ ሆዱን ስከፍት ከተፍ አለች። "ቆይ፣ እንዳትጥለው!" ሆድ ዕቃውን ትሪ ላይ አስዘረጋችኝና ለማረድ ተራ የሚጠብቀውን ሐበሻ አንድ በአንድ እየጠራች ትጠይቅ ጀመር። መጽሐፉን ለማንም አላሳየችም። "አባባ፣ ይሄን ምን ይሉታል?" "እትዬ፣ ይሄስ?"

አፈርኩ። ሰው በጾም ደክሞ ቆሟል፣ እሷ አንጀት ታሳያለች። "ተይ እንጂ፣ ምን ይሉናል?" አልኳት።

"ነገ በስልክ የማናግረው እኮ እነሱን ነው" አለችኝ። "እነሱ ካልገባቸው ፓስ ባደርግ ምን ዋጋ አለው?"

ጨጓራው ላይ የተጣበቀውን ጠቆር ያለውን ሁሉም ሳያመነቱ ጣፊያ አሉት። ስብ የሚመስለውን ፈዛዛውን ብዙዎቹ አላወቁትም፤ አንዱማ "ሞራ ነው፣ አትድከሚ" ብሏታል። አንድ አዛውንት ግን ጎንበስ ብለው አዩትና፣ "ቆሽት ነዋ ልጄ። ስኳሬን ያመጣብኝ እሱ አይደል? ዶክተሩ በሥዕል አሳይቶኛል" አሏት። እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራትም።

ስንመለስ የውሰቱን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የክፍሉን የኋላ ወንበር ላይ ጥላዋለች። እኔ ፈርቼላት ነበር። "ፈታኞቹ በዚያኛው መጽሐፍ ከሆነ የሚያርሙትስ?"

"ታዲያ እወድቃለኋ" አለች፣ መስኮቱን እያየች። "ለሰው ሆዱን አሳስቼ ከምነግረው ልውደቅ።"

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ወስጄ አስፈተንኳት። እስክትወጣ መኪናው ውስጥ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። በሩን ከፍታ ስትገባ፣ "የቱን አልሽ?" አልኳት።

"የቱንም! አልመጣማ። ሲጠይቁኝ የዋሉት ስለ ልብ ነው።" ያን ሁሉ በግ አገላብጠን! መኪና ማቆሚያው ውስጥ እስኪያመን ሳቅን። ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች።

አሁን የመኝታ ቤታችን በር እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ይዘጋል፤ እኔም ቴሌቪዥኑን እቀንሳለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣችና ፊቴ ቆመች።

"ዛሬ ጣፊያ መጣ" አለችኝ።

"እና?"

"ገባቸው። አንዴ ነው የነገርኳቸው፣ ወዲያው ገባቸው።"

ማን እንደሆኑ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ወገቧን ቀና አድርጋ ገባች።