በሥዕለ አድኅኖ ስም የተላኩት ኳስ ተጫዋቾች

መምህር ምንተስኖት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። አንዲት ሚስት፣ ሦስት በጎችና ሃምሳ ዘጠኝ የኳስ ተጫዋች ካርዶች አሉት። ሙሉው ስድሳ ነው። ይህችን ጉድለት ሳይጠየቅ ለሁሉም ስለሚናገራት እኛ ብናነሳት ሐሜት አይሆንብንም። በልጅነቱ ካርዶቹ ከማስቲካ ጋር ተጠቅልለው ይመጡ ነበር። ሌላው ልጅ ማስቲካውን አኝኮ ካርዱን ሲጥል፣ እሱ አንስቶ ደብተሩ ውስጥ ይሸሽግ ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ቤት ሠሩ፣ መኪና ገዙ። እሱ አርባ ሰባት ቁጥርን ሲፈልግ ቆየ።

የሚያንገበግበው ግን ካርዱ ብቻ አልነበረም። የፊዚክሱ መምህር ሰለሞን ነበር። ሰለሞን አልበሙን ባየ ቁጥር እየገለጠ፣ እየገለጠ ሄዶ ባዶዋ ቦታ ላይ ጣቱን ያሳርፍና፣ «ቆንጆ ነው፤ ሲሞላ ጥራኝ» ይላል። ሃያ ዓመት አብረው ሲያስተምሩ ሃያ ዓመት ይኸንኑ ብሏል። ምንተስኖት አልበሙን ሞልቶ ሰለሞን ፊት የሚዘረጋበትን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነበር የሚያስበው።

አምና የድሮ ካርድ ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጀላሉ የሚባል ሰው አገኘ። ጀላሉ ዓለም ከተማ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ የተከበረ ሰው ነው፤ አርባ ሰባት ቁጥር ሁለት አለው። በአንዷ ፋንታ ከምንተስኖት ትርፍ ካርዶች ሦስት ፈለገ፤ ከሦስቱ አንዱ ለኳስ የተወረወረ በረኛ ነው። «አንተ ቅደም፤ በደረሰኝ ማግስት የኔን እልካለሁ» አለው። ነጋዴ መቼም ነጋዴ ነው።

ከመንዝ አፋፍ ላይ ሆነው ቢያዩ የጀላሉ አገር መርሐቤቴ ማዶ ነው። መሐሉ ገደል ስለሆነ ግን ደብዳቤ በደብረ ብርሃን ዞሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት አለበት። ምንተስኖት ይህን ለተማሪዎቹ በካርታ ያስተምራል፤ ለራሱ ሲሆን ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጨነቀበት።

አስተሻሸጉን በተመለከተ እውነቱን እንናገር፤ ሰውዬው ተጠቦበታል። ካርዶቹን በመታወቂያ ላስቲክ ከተተ። እንዳይታጠፉ የአማቱን የጉልበት ራጅ ቆርጦ ከላይና ከታች ደገፋቸው። አማቱ ጉልበታቸውን እያመማቸው ራጁን ቢፈልጉት አላገኙትም። በዚያ ላይ የሳሙና ካርቶን፣ በዚያ ላይ ለዝናቡ ሁለት ፌስታል፣ በዚያ ላይ ፖስታ አለበሰው።

ከዚያ ፖስታ ቤት ሄዶ የአደራ ደብዳቤ ዋጋ ጠየቀ። ዋጋውን ሲሰማ ደንግጦ፣ «ለሦስት ቁራጭ ወረቀት?» አለ። ለእነዚያ ሦስት ቁራጭ ወረቀቶች የአማቱን ጉልበት የመተረው ሰው ነው እንዲህ ያለው። በአውቶቡስ መላክ ግን ረዳቱን መለማመጥ ብቻ ነው፤ ምላስ ደግሞ በነፃ ነው። ችግሩ፣ መኪና ላይ የተጫነ ነገር ሰው ይቀመጥበታል፣ ጤፍ ይጫንበታል። ምንተስኖት አሰበ። በዚህ አገር ማንም የማይቀመጥበት ነገር ምንድን ነው? አገኘው። ቀይ ብዕር አንስቶ ፖስታው ላይ «ሥዕለ አድኅኖ ነው፤ በክብር ይያዝ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ለአቶ ጀላሉ፣ ዓለም ከተማ» ብሎ ጨመረበት። ረዳት እየደወለ የሻይ እንዳይጠይቀው የራሱን ስልክ ሳይጽፍ ቀረ።

ሚስቱ ኮከብ አየችና፣ «ይሄ ነገር አይከብድህም?» አለችው።

«ከመቶ ግራም አይበልጥም» አላት።

ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ማንበብ አልታየውም። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ማንም አላነበባቸውም። የመጀመሪያው ረዳት ፖስታውን ተሳልሞ፣ በነጠላ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ። ከሹፌሩ በቀር እንደዚያ ተደላድሎ የተጓዘ የለም። የዓለም ከተማው መኪና ረዳት አስፋው ግን ድቁና የተማረ ነው፤ ያነባል። ሥዕለ አድኅኖ ለአቶ ጀላሉ? አንገቱን ነቀነቀ። የላኪው ስልክ እንኳ ቢኖር ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ዓለም ከተማ ሲደርስ፣ ቅዱስ ነገር ወደ ቅዱስ ቦታ ይሂድ ብሎ ለደብሩ ቄስ ለአባ መርስዔ ኃዘን ሰጣቸው።

ቀኑ እሑድ ነበር። አባ ከነመጠቅለያው ተሳለሙት፤ ሕዝቡም በተራ ተሳለመው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ጀላሉን አስጠሩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ «ጀላሉ የእኛን ሥዕል ምን ሊያደርገው ነው?» የሚል ወሬ ከእሱ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው በከበበው መሐል ፖስታው ተከፈተ። መጀመሪያ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ወጣ፤ ቀጥሎ በቁምጣ የተወረወረ በረኛ።

ጀላሉ የዚያኑ ቀን ደወለ። አልጮኸም።

«ካርዶቹ ጭረት የላቸውም፤ አስተሻሸግህ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በነገድኩበት ከተማ ሰው ፊት በሌላው ሃይማኖት ሊያላግጥ ነው ተብዬ ቆሜያለሁ። እኔ አልጻፍኩትም ብል ማን ያምነኛል? አርባ ሰባት እዚህ አለች። መጥተህ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ በአፍህ ተናግረህ ውሰዳት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ምንተስኖት መጀመሪያ ሊቀር አስቦ ነበር። ሦስት ሌሊት ባዶዋን ቦታ ሲያይ አደረና በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈረ። ወጪው ስንት የአደራ ደብዳቤ እንደሚያስልክ አንጠይቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ ነው» አለ። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት ሳቀች። ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ድንጋይ አሸከሙት፤ ድንጋዩ ከመቶ ግራም ይበልጥ ነበር። አባ መርስዔ ኃዘን፣ «እኛስ በእምነት ተሳልመናል፤ ዋጋችንን አናጣም። የተበደለው እሱ ነው» ብለው ወደ ጀላሉ አመለከቱት። ምንተስኖት አጎንብሶ ጀላሉ እግር ሥር ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ተማሪ የሚገሥጽ ሰው እንደ ተማሪ አፈረ። ጀላሉ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላው፤ ካርዷንም ሰጠው።

ከዚህ በኋላ ይሉኝታ ይዞት አልወስድም ያለ መስሏችሁ ከሆነ ሰውዬውን ገና አላወቃችሁትም። በሁለት እጁ ተቀበላት።

አልበሙ ሞላ። ማክሰኞ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰለሞን ፊት ዘረጋው። ሰለሞን እንደ ልማዱ እየገለጠ፣ እየገለጠ ሄደ፤ ጣቱ አርባ ሰባት ቁጥር ላይ አረፈ። አጎንብሶ አያት። ሃያ ዓመት የተጠበቀው ቀን ይኸው መጣ።

«እውነትም ሞልተኸዋል» አለ፤ ልቡም ተነክቷል። «እስቲ ቁጭ በልና አጫውተኝ፤ ይቺን ከየት አገኘሃት?»

ሌሎቹ መምህራንም ወንበራቸውን አስጠግተው ጠበቁ። ምንተስኖት አልበሙን ከሰለሞን እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና ዘጋው።

«ክፍል አለኝ» ብሎ ወጣ። ክፍል አልነበረውም።