ሐይቅ ሐይቅ የሚሸት ዶሮ

ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ፣ ቡልቡላ በኩል በነበረ የመንግሥት ዶሮ እርባታ ነው። ያኔ አካባቢው ሁሉ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። የምኖረው ቦሌ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልጅ አልወለደችም። ባሏ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ጀልባው ባዶውን ተንሳፍፎ ተገኘ፤ የእሱ አስከሬን ግን ሳይገኝ ቀረ። ሰው "ሞቷል" ቢላትም ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። ዕቃዋን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዓሣ እቤቷ ገብቶ አያውቅም፤ የባሏንም ስም ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የሥጋ ዶሮዎቹን መጀመሪያ ባየሁ ቀን ደንግጫለሁ። እኔ የማውቀው ያበሻ ዶሮ ይጭራል፣ ይጣላል፣ ሰው ሲያይ ይበረግጋል። እነዚህ መስኮቱ በተጋረደ ረጅም ቤት ውስጥ ነጭ ለብሰው እንደተሰበሰቡ ለቀስተኞች ተቀምጠው ይውላሉ። አውራዎቹ መጮህ ሳይጀምሩ ስለሚታረዱ ሲነጋም ድምፅ የለም። በሩን ስከፍት ያ ሁሉ አንገት ባንዴ ወደ እኔ ይዞራል። ጀርባዬን ሳልሰጣቸው ነው የምወጣው።

ሥራዬ መኖ ቅልቅል ላይ ነበር። ዶሮዎቹ ፀሐይ ስለማያገኙ አጥንታቸው እንዳይጎብጥ በርሜል በርሜል ሆኖ ከውጭ የሚመጣ የዓሣ ዘይት በመኖው ላይ እናፈሳለን። በዚያ ዓመት የኑግ ፋጉሎ ጠፋና ዶሮዎቹ ክብደት አልጨምር ሲሉ ኃላፊያችን ዘይቱ እንዲበዛ አዘዘ። እኛም አበዛን። ማታ ማታ ልብሴን እዚያው ለውጬ፣ ታጥቤ ስለምወጣ ሽታውን እቤት አልወስደውም፤ የራሴ አፍንጫ ግን ከለመደው ቆይቷል።

ለፋሲካ ለሠራተኛው ሁሉ ዶሮ ታደለ። እኔም አንዱን ታቅፌ ገባሁ። በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አልተንፈራገጠ። ቅዳሜ ሹር ረፋድ ላይ የጎረቤታችን ባል አረደልን፤ አክስቴ ገነጣጥላ በሎሚና በጨው ስታጥበው፣ "ምን ዓይነት ሥጋ ነው? ገና ስነካው ካጥንቱ ይሸሻል" አለች። ጾም ስለሆነ ወጥ አትቀምስም፤ ቅመሙን የምትለካው በማሽተት ነው። ድስቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች ሥጋውን ጨመረችና ጮማው መቅለጥ ሲጀምር ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ።

"መጣ እንዴ?" አለች።

"ማን?"

"በሩን ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ፀሐዩ ጠራራ ነው፤ ከአጥሩ ሥር የተኛ ውሻ ብቻ። "ማንም የለም፣ እትዬ።"

"አይሸትሽም? ጀልባ ወለል ላይ የሚቀረው ውሃ ነው። ከሐይቅ ሲመለስ ልብሱ እንዲህ ነበር የሚለው።"

ደጋግሜ አየር ሳብኩ። ወደ እኔ አፍንጫ የደረሰው ሽንኩርትና በርበሬ ብቻ ነው። እሷ ግን ጥግ ላይ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞር ብላ፣ እንግዳ ሲገባ እንደምታደርገው ነጠላዋን ፀጉሯ ላይ ሳብ አደረገች። አእምሮዋን ነካት ብዬ ልጮህ ስል ጎረቤታችን ወንፊት ልትመልስ ገባች።

"በስመ አብ! ለፋሲካ ዓሣ ነው እንዴ የምትሠሩት?"

ያኔ ነው ዘይቱ ትዝ ያለኝ። ዶሮ የበላው ነገር ሽታው በጮማው ውስጥ እንደሚቀመጥ ተምሬያለሁ። ጎረቤታችን ስትወጣ ለአክስቴ አስረዳኋት፤ በርሜሉን፣ መኖውን፣ ሁሉን። "እሺ" አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል። በማግስቱ ስንፈስክ ለአባወራ የሚሰጠውን ፈረሰኛ ማንም ባልተቀመጠበት በኩል አወጣችው። የራሷን ጥርግ አድርጋ በላች። እኔ አንድ ጉርሻ ጎረስኩ፤ በበርበሬው ሥር የዓሣ ጣዕም ነበር፤ አልወርድ አለኝ።

ሥራ ስንገባ ለኃላፊው ነገርኩት።

"ጓዲት፣ ሰው ሥጋ ባጣበት ጊዜ ሽታ እናማርጥ?" አለኝ።

"ጓድ ኃላፊ፣ እስቲ እንሞክረውና ራስዎ ይቅመሱት።"

ፈቀደ። የአንዱን ክፍል ዶሮዎች ለመታረድ ሳምንታት ሲቀራቸው ዘይቱን ትተን በምትኩ የቫይታሚን ዱቄት ቀላቀልንላቸው፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። ከሁለቱም ወገን አርደን ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቀልን። ኃላፊው፣ የቢሮ ሠራተኞችና ዘበኞቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው በምግብ አዳራሹ ተደርድረው ቀመሱ። ሁሉም ቀስ እያለ ያኝካል። ከዘበኞቹ አንዱ ተነስቶ ወደ ደጅ ሮጠ። ኃላፊው ማኘኩን አቁሞ አፉ እንደሞላ አየኝ። በነጋታው ዘይቱ እንዲቀር ታዘዘ።

ዘይት ካልቀመሱት አንዱን ደስ እያለኝ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ቀን ነበር፤ በሩን ራሷ ከፍታ ትታዋለች። እንፋሎቱ ላይ ፊቷን ደፍታ ብዙ ቆየች።

"ይሄ ምንም አይልም።"

"ጥሩ ነዋ!"

"ያኛውን አታመጪልኝም?"

"አሁን የለም፣ እትዬ። አቆምነው።"

ከቤቷ ሰው ያስወጣሁባት ይመስል አየችኝና ድስቱን ከደነች። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ስሄድም ስመለስም ብዙ አታናግረኝም። ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ እኔም መቀመጥ ተውኩ፤ ለምን እንደተውኩ ራሴን አልጠየቅኩም።

ክረምቱ እንደወጣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣች። ዝዋይ ልትሄድ ነው። አብሬሽ ልሂድ ብላት እምቢ አለች። ስትመለስ ጫማዋ ላይ ደረቅ ጭቃ ነበር። ውሃ ሰጥቻት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እንዴት ነበር?"

"ሐይቁ እንደዚያ አይሸትም" አለች።

ጭቃ የነካውን ጫማዋን አወለቅኩላት።

"ዳር ዳሩን ሄድኩ። ጀልባዎቹም ውስጥ ገባሁ። ሣር ሣር፣ ጭቃ ጭቃ ነው የሚለው። ዓሣውንም ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ እሱም አይደለም።" ኩባያውን መሬት አስቀመጠች። "ያ የሸተተኝ የሐይቁ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። ሊሰናበተኝ ነው የመጣው።"

ስለ ዘይቱ እንደገና ልነግራት ብዬ ተውኩትና ኩባያውን አንስቼ ውሃ ጨመርኩላት።

በዚያው ሳምንት ጥቁር ለበሰች። የንስሐ አባቷ መጥተው ስለ ተዝካሩ ሲነጋገሩ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማኋቸው። የባሏን የክርስትና ስም ጠየቋት። አክስቴ ያንን ስም በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው።