ዐቂል ቤት ሲመታ

ዐቂል ደሴ ሸዋ በር ከአባቱ ጋር መጋረጃ ይሸጣል። ጨርቅ ሲለካ በብረት ሜትሩ ጠረጴዛውን እየመታ ራፕ ያደርጋል። ግጥሙ ቤት ይመታል፤ ችግሩ ሰው ሁሉ ቀድሞት መምታቱ ነው። አምና አንድ ውድድር ላይ ወጥቶ፣

«ሳያት ልቤ ቀረ፣ አንጀቴም አረረ፣
ያለ እሷ መኖሩ ለእኔማ...»

ከማለቱ ታዳሚው በአንድ ድምፅ «ቸገረ» አለ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ። ሲወርድ አንዱ ዳኛ፣ «ግጥሙን ቀድመህ ለሕዝቡ አድለህ ነበር?» ሲል ጠየቀው።

አዝኖ ወደ አክስቱ ወደ አዚዛ ሄደ። አዚዛ በሰርግና በመውሊድ ድቤ ሲመቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰምተውት ሲያበቁ ድቤያቸውን አንስተው ድም፣ ድም አደረጉና እጃቸውን አየር ላይ አስቀሩት። ዐቂል አንገቱን አሰገገ።

«ምን ሆንክ?» አሉት።

«ምቱን እየጠበቅሁ።»

«ጠብቅ አላልኩህም፣ እጄ ነው ያስጠበቀህ። አንተ ግን አፍህን ስትከፍት የት እንደምታርፍ ይታወቃል። ቃሉን አቆየው። ደግሞ አታብዛው፤ ሰው ጥሎህ ይሄዳል።»

ዐቂል ሱቅ ውስጥ ተለማመደ። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው «ሜትሩ...» ይልና ዝም ይላል። አባቱ ሐጂ መሕሙድ የልጃቸው ምላስ የተያዘ መስሏቸው ቁርኣን ቀሩበት።

ብዙም ሳይቆይ የአዚዛ ልጅ ኢስራ፣ አሚር ለሚባል የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ተዳረች። ሰርጉ ላይ ምግብ ዘገየና ዐቂል እንግዳውን እንዲያጫውት ማይክ ተሰጠው። አክስቱ ድቤውን ያዙለት።

«ሙሽራው ገባልን በሚዜ ታጅቦ፣
ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም እንዲህ...»

ሊል ያሰበው «ልብ አብቦ» ነበር። ድቤው ቆመ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዐቂል ጸጥታው ጣመውና ትንሽ ጨመረበት። ያኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው፣

«ተርቦ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአሚር የፋብሪካ ጓደኞች ጠረጴዛ እየደበደቡ «እንዲህ ተርቦ፣ እንዲህ ተርቦ» ይሉ ጀመር፤ አዚዛም ከድተውት በድቤ አጀቧቸው። ወጥ ሠሪዎቹ ደንግጠው ትሪ ተሸክመው ወጡ። ዐቂል «አብቦ» ቢልም የሰማው የለም።

«አክስቴ፣ ቃሌን ነጠቁኝ እኮ» አላቸው።

አዚዛ ሥጋቸውን እያላመጡ፣ «የሳቸው ይሻላል» አሉት። «ግን ማሻአላህ፣ አስጠብቀሃቸዋል።»

ዘንድሮ በየሰርጉ ይጠሩታል። ደጋሾቹ ግን ሰው በልቶ እስኪጠግብ ማይክ አይሰጡትም።